«ልጁ የት ጋ አለቀሰ?»፦ ለከተማ ዳር አዲስ ወላጆች የመንገድ ወግ ቡና አዘገጃጀት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ወይም ተከራይቶ የገባ ሰው የመጀመሪያ ልጁን ሲያገኝ ብቸኝነቱ ወዲያው አይጀምርም። መጀመሪያ ቤቱ ይሞላል። ገንፎ ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ክርስትናው ወይም አቂቃው ይደገሳል። ከዚያ አራሷን ያረሰች እናት ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ የድሮ ሰፈር ዘመድም «እናንተ ዘንድ እኮ ሩቅ ነው» እያለ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ስለዚህ እሱ ሳይነጋ ታክሲ ተራ ይሰለፋል፤ እሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ታቅፋ ከግድግዳ ጋር ትፋጠጣለች። ከታች ባለው ወለልም፣ ከጎን ባለው ብሎክም ያው ነው። ሰላምታው ግን ከ«ደህና አደራችሁ» አያልፍም።

እነዚህን በሮች ለማስከፈት እኔ ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ የሠራው ከሕፃን ጋር ስለመጓዝ ማውጋት ነው። ለምን ጉዞ? ስለ ልጅ አስተዳደግ ብቻ ለመነጋገር የተጠሩ ወላጆች ፈተና ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። የአንዷ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፣ የሌላዋ ቀድሞ ዳዴ ብሏል፣ ሳይታሰብ ፉክክር ይገባል። ሚኒባስ ውስጥ ግን ጨዋ ሕፃን የለም። መንገድ ሁሉንም ወላጅ እኩል ያዋርዳል፤ እኩል የተዋረዱ ሰዎች ደግሞ ቶሎ ይሳሳቃሉ።

ጉዞ ስል ላሊበላ ወይም አርባ ምንጭ መድረስ ማለቴ አይደለም። ከኮዬ ፈጬ መገናኛ ድረስ ሕፃን ታቅፎ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ በቂ ጉዞ ነው። ኮብልስቶን ላይ በሚንገጫገጭ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ደርሶ መመለስም እንዲሁ።

አንደኛ፦ ሰዎቹን ፈልጉ

ምርጡ ቦታ የጤና ጣቢያው የክትባት አግዳሚ ነው። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ሕፃን እንደተወለደ ከሚወስደው በኋላ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9ኛና በ15ኛ ወሩ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ሰሞን የወለዱ እናቶች በየ4 ሳምንቱ እዚያው አግዳሚ ላይ ይገጣጠማሉ። መጀመሪያ ቀን ካርድ ይዞ መተያየት ነው፤ በሁለተኛው ፊት ይለመዳል፤ በሦስተኛው አለመጥራት ነውር ነው።

ጤና ጣቢያ ካልሆነላችሁ የብሎኩን ጥበቃ ጠይቁ። ማን ወለደ፣ ማን ሌሊት መብራት ያበራል፣ ማን ዳይፐር በካርቶን አስገባ፣ ሁሉንም ያውቃል። ወይም ቀና ብላችሁ በረንዳዎቹን እዩ፤ ትንንሽ ካልሲ የተሰጣበት ቤት የእናንተ ሰው አለበት።

የሳይቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍን አልመክርም። ያ ቦታ የውሃ፣ የጥበቃ ክፍያና የፍሳሽ ጭቅጭቅ ቦታ ነው፤ ጥሪያችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቀበራል። ደግሞም «የወላጆች ስብስብ ልናቋቁም ነው» ስትሉ ሰው መዋጮ ይሸተዋል። አፍ ለአፍ «ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ፣ ልጅሽን ይዘሽ ከባለቤትሽ ጋር ነይ» ማለት ይበቃል። ለመጀመሪያው ቀን ሦስት ወይም አራት ቤት ጥሩ። ከዚያ በላይ የኮንዶሚኒየም ሳሎን አይችልም፤ አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ ሌላውም ተከትሎ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ወግ የለም።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ምረጡ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሳይት ላይ ከሆናችሁ የውሃውን ቀን ዝለሉት። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ሮቶና ጀሪካን እየሞላ፣ የተጠራቀመ ልብስ እያጠበ ነው። አርብ ቀትር ጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእድር ስብሰባ የማይጋጭ ከሆነ፣ ለብዙ ቤት ይመቻል። የሕፃናቱ እንቅልፍ እንዲገጣጠም አትጠብቁ፤ አይገጣጠምም።

ሦስተኛ፦ ቡናውን አፍሉ፣ እሳቱን አርቁ

ይህን ክፍል ከሁሉ ቀድማችሁ አስቡበት። የቡና ሥነ ሥርዓታችን ለሕፃን የተሠራ አይደለም፤ ረከቦቱ መሬት ላይ ነው፣ ጀበናው ፍል ነው፣ ዳዴ የሚል ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከሰሉን ሳሎን ውስጥ አታስገቡት። የቀላ ከሰል ጭሱ ቢጠፋም የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ መልቀቁን አያቆምም፤ መስኮቱ ለሕፃን ብርድ ተፈርቶ በተዘጋ ክፍል ደግሞ አደጋው የበለጠ ነው። በረንዳ ላይ አፍሉት፣ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ። ዕጣኑም ይቅር፤ ካላጨስን ቡና አይባልም የምትል ሴት ካለች እሷም በረንዳ ላይ ታጭሰው። ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፤ ይለምደዋል።

ለቁርስ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ቆሎ ጾመኛውንም፣ የማይጾመውንም፣ ሙስሊሙንም አያስቸግርም። ግን ከሕፃናቱ እጅ ይራቅ፤ ሽምብራና ኦቾሎኒ ጉሮሮ ይዘጋል። የምታጠባ እናት በአቦሉ ብትቆም ይሻላታል፤ እናቱ ቡና ስታበዛ እንቅልፍ የሚነሣው ሕፃን አለና። በረካውን አባቶች ይጠጡላት።

ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርጉ፣ አንዱን ጥግ ጡት ለሚያጠቡ ተዉት፣ የዳይፐር መቀየሪያውን ቦታ ገና ሲገቡ አሳዩአቸው። እንግዳ ቤት ዳይፐር የት እንደሚጣል መጠየቅ ከባድ ነው፤ አንዳንዷ አፍራ በቦርሳዋ ይዛው ትመለሳለች።

አራተኛ፦ ወጉን አስጀምሩ

ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። «መንገድ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ይታወቃል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበር።» አልቋል። ጥያቄው ትንሽና የተወሰነ ይሁን። ልጁ የት ጋ ማልቀስ ጀመረ? መስኮቱን ያዘጋው ማነው? ዳይፐሩን የት ቀየርሽው? ከጎንሽ ማን ተቀመጠ? «ልያዝልሽ» ያለ ሰው ነበር? እንዲህ ስትጠየቅ እናቲቱ ከጠቅላላው «ደህና ነበር» ወጥታ ሸኖ ላይ ወይም ሰንዳፋ ላይ ትገኛለች።

አንዲት የብሎካችን እናት ያወጋችን ለምሳሌ ይህ ነው። የአምስት ወር ልጇን ይዛ ከላምበረት ወደ ደብረ ብርሃን እየሄደች ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ከፍ ብላ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አገሩ ብርድ ነው ብላ ልጁን በሦስት ልብስና በጋቢ ጠቅልላዋለች። መኪናው ገና ሳይወጣ ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ሕፃን አለ፣ ብርድ ይመታዋል!» አሉ። ተዘጋ። ሰንዳፋ ሳይደርሱ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ጡት ሰጠችው፣ አልፈለገም። ቆማ ልታባብለው ሞከረች፣ ጭንቅላቷ ጣሪያውን ነካ። «ሆዱን ነው» አለ አንዱ። «ዓይን ነው፣ ፊቱን ሸፍኚው» አለች ሌላዋ። እሷ እንደሞቀው ገብቷታል፤ ግን ለእሷ ተብሎ የተዘጋ መስኮት ክፈቱልኝ ማለት ከበዳት። አለልቱን አልፈው ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ አጠገቧ ደረሰና ቆሞ አየው። «ማዘር፣ ልጁን ግለጪው እንጂ! አንቺስ እንዲህ ብትጠቀለዪ ዝም ትያለሽ?» መኪናው በሙሉ ሣቀ። ጋቢው ተነሣ፣ መስኮቱ ጣት ታህል ተከፈተ፣ ልጁ ጸጥ አለ። መስኮቱን ያዘጉት እናት አፍረው «ነይ እስቲ፣ ለእኔ ስጪኝ» ብለው ተቀበሏት፤ እስከ ደብረ ብርሃን እሳቸው ጭን ላይ ተኛ። እሷም ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እጇ ቆሎ በላች።

ይህ ተወግቶ ሳያልቅ ከፍራሹ ጫፍ «የእኛዎቹ ደግሞ መስኮት ክፈቱ ብለው…» የሚል ድምፅ ይመጣል። የምትፈልጉት እሱን ነው። ወጉ ወግ እንዲወልድ ዝርዝሩ መቆየት አለበት፤ ጋቢው፣ የረዳቱ አነጋገር፣ ቆሎው። ጠሪዋ መጀመሪያ የራሷን ታውጋ፣ አጭር ይሁን፣ ተሸናፊ ሆና የምትታይበት ይሁን። «እኛ እኮ ልጃችንን ይዘን ዱባይ ሄድን፣ አንዴም አላለቀሰም» የሚል ወግ ሌላውን አፍ ያዘጋል። እውነት ቢሆን እንኳ ለሌላ ቀን ይቆይ።

አምስተኛ፦ ምክርን አሳድሩ

አንዲት እናት ልጇ መንገድ ላይ እንዳስመለሰው ስትናገር ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «አጥብተሽው ነበር?»፣ «ሎሚ ብታሸቺው ኖሮ»፣ «ጋቢና ነበር መቀመጥ» ይላል። ወጓ ወደ ምርመራ ይለወጣል፣ እሷም ትዘጋለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ተናጋሪ ወጓን ጨርሳ ራሷ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» እስክትል ድረስ ምክር የለም። መሳቅ ይቻላል፣ «ወይኔ!» ማለት ይቻላል፣ «ከዚያስ?» ማለት ይቻላል። ትልልቅ ሴቶች ካሉ ይህን ሕግ ማክበር ይከብዳቸዋል፤ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ በአንቀልባ አዝለው ሲጓዙ የሆነውን ይንገሩን» ብላችሁ ምክራቸውን ወደ ወግ አዙሩት። በበቅሎ፣ በጭነት መኪና፣ በእግር የተጓዙ ናቸውና ከሁላችንም የበለጠ አላቸው።

ስድስተኛ፦ አባቶቹን አትርሱ

አባቶች መጀመሪያ አንድ ጥግ ይዘው ስለ ኳስና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራሉ። አትገሥጿቸው። ስለ ስሜታቸውም አትጠይቁ፤ ስለ ዕቃ ጠይቋቸው። ሻንጣውን፣ የሕፃኑን ጋሪና ፍራሹን ከአራተኛ ፎቅ ማን አወረደው? ሚኒባሱ ለጋሪው የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀ ወይስ አልጠየቀም? ልጅ በማዘያ ደረቱ ላይ አስሮ በቃሊቲ መናኸሪያ ያለፈ አባት ካለ ደግሞ የሚያወጋው አያልቅበትም፤ «እናቱ የት ሄዳ ነው?» ያላለው ሰው የለም። ያን ሲያወጣ ሌሎቹ ወንዶች ሲሚንቶውን ይተዉታል።

ሰባተኛ፦ ከወጉ ውስጥ የጤናውን ነገር ለዩ

ወግ ለመቀራረብ ጥሩ ነው፤ ለሕክምና ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ የሠራ ነገር ሲወጋ እንደ ሕግ ይያዛል። ስለዚህ ቡናው ሲያልቅ አንድ ሰው የሚከተሉትን ቢያነሣ ጥሩ ነው፤ ከመካከላችሁ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካለች እሷ ብትሆን ይመረጣል።

ወደ ቆላ ስትወርዱ ዘመድ ሁሉ «ውሃ ጠምቶታል» ይላል። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን በሙቀትም ቢሆን ከጡት ወተት ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ወባ አለ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጉዞው በፊት ጤና ጣቢያ አማክሩ። ስትመለሱ ልጁን ካተኮሰው ለሐኪሙ የሄዳችሁበትን አገር ንገሩት፤ አዲስ አበባ የሚኖር ሕፃን ላይ ወባ ቶሎ ላይታሰብ ይችላልና። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በሁላችሁም ስልክ ይመዝገብ።

ጋቢና ለእናት የሚሰጠው በክብር ነው፤ ቢሆንም አትቀበሉት። በግጭት ጊዜ አደገኛው ቦታ እሱ ነው። ቀበቶውን ለእናትና ለልጅ አንድ ላይ ማሰር ደግሞ የእናቲቱ ክብደት ሕፃኑን እንዲጨፈልቀው ማድረግ ነው። የራስ መኪና ያለው ሰው የሕፃን ወንበር ከኋላ ያስር። ዓይን ተፈርቶ ፊት በነጠላ ሲሸፈንም አየር መግባቱን በየጊዜው እዩ።

ትልቁ ፈተና ግን አገር ቤት ነው። አያት ቅቤ ሊያስውጡት፣ ጎረቤት እንጥሉን ሊያስቆርጥ፣ ሌላው ግጉን ሊያስወጣ ይፈልጋል። ሦስቱም ጎጂ ልማድ ናቸው፤ በእንጥልና በግግ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አለ፣ ቅቤውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይህ ርዕስ በምክር መልክ ከመጣ «እናቴን ሰደብሽ» ይሆናል። በወግ መልክ ሲመጣ ግን እንዴት እንዳመለጠ ሁሉም ያስተምራል። አንዷ «ሐኪሙ ከልክሎኛል፣ ካርዱ ላይ ጽፎታል» ብላ የክትባት ካርዱን አውጥታ አሳየች። ሌላዋ አማቷን «እርስዎ ያሳደጉት ልጅ እንዲህ አምሮ የለ፣ እኔ ደግሞ በእኔ ዘመን ልሞክር» አለቻቸው። የባል እናት ከሆነች ግን ተናጋሪው ባል ይሁን። ይህ ላይ ድርድር የለም።

ስምንተኛ፦ ከባድ ወግ ሲመጣ

አንዳንዱ ወግ አያስቅም። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ስለማያስኬድ ልጇን ለእናቷ ገና ያላሳየች አለች። ልጅ ቀብራ የመጣች አለች። «ከወለድኩ ጀምሮ ከቤት መውጣት ያስፈራኛል» የምትልም ትኖራለች። ያን ጊዜ ቶሎ ብላችሁ ወደ ሣቅ አታዙሩ፣ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብላችሁም አትዝጉት። ቡናው ይቆይ፣ ሕፃኗን አንድ ሰው ይያዝላት፣ ትናገር። ፍርሃቱና ልቅሶው ከሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከነሣት ወይም ራሷን ወይም ልጁን ልጎዳ እችላለሁ ካለች፣ አንዷ አብራት ጤና ጣቢያ ትሂድ። ብቻዋን አትላኳት። የተሰማው ደግሞ ደረጃው ላይ አይወራ፤ አንድ ጊዜ ካፈተለከ ሁለተኛ የሚናገር አይኖርም።

ዘጠነኛ፦ አብራችሁ ውጡ

ጥቂት ቡና ከተጠጣ በኋላ አዲስ ወግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አብራችሁ ተጓዙ። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ በኩል ላለ ሰው ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ሐይቅ ዳር ጥላ አለ፣ ሲደክም ቶሎ መመለስ ይቻላል። ከየካ አባዶ በኩል ያለ ሰው እንጦጦን ይመርጥ ይሆናል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል፣ ረፋዱ ላይ ውጡ። በበዓል ቀን ሁለቱንም ተዉአቸው። ሚኒባስ በጋራ ከተከራያችሁ ለሾፌሩ አስቀድማችሁ «ሕፃናት ስላሉ እንቆማለን፣ አትቸኩል» በሉት፤ ዋጋውም በዚያ ይነገር። በፈጣን መንገዱ የምትሄዱ ከሆነ መሀል ላይ እንደ ልብ መቆም ስለማይቻል ጡትም ዳይፐርም ከክፍያ ጣቢያው በፊት ይለቅ።

አንድ ልጅ ያስመልሳል፣ አንዱ ጫማውን ይጥላል፣ አንድ አባት የዳይፐሩን ቦርሳ ቤት ረስቶ ይመጣል። ለቀጣዩ ቡና ወግ ተገኘ ማለት ነው።

አሥረኛ፦ አዲስ አራስ ስትመጣ

ቡናው በዙር ይሁን፤ ቤቷ ጠባብ የሆነባት የጋራ ሕንፃው፣ ኮሚናሉ፣ ክፍት ሲሆን እዚያ ታፍላ። በብሎኩ አዲስ የወለደች ካለች ግን እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከቤት አልወጣም ልትል ትችላለች። ኑ አትበሏት፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይቅር፣ ሕፃኑን አትሳሙት። ገንፎ ወይም አጥሚት ይዛችሁ ከሆነ ዕቃውን እሷ እንዳታጥበው ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ። አንድ አጭር ወግ ንገሯት፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችበትን መንገድ ጠይቋት። እሷም ብትሆን ከዚያ ራይድ ውስጥ የምታወጋው ነገር አላት፤ ሾፌሩ ጉድጓዱን ሁሉ በስንት ጥንቃቄ እንዳለፈው ወይም እንዳላለፈው። ከዚያ ልጁ ሳይነቃ ተነሡ፣ ቀጣዩ ቡና የማን ቤት እንደሆነና ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ነግራችኋት ውጡ።